የትንሣኤን ታሪካዊ ማስረጃ ለሚያቀርብልን ጎረቤት ምን እንመልሳለን?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበው ንግግር ለመጽሔታችን አንባቢያን የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያት መደምደሚያ በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።



የዛሬው ዝግጅታችን መነሻ ከኡካ አካባቢ ልጅ የደረሰን ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው መቱ ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር ወጣት ነው። ኪራዩን የሚጋራው ጓደኛው ፕሮቴስታንት ሲሆን ሁለቱ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ይተዋወቃሉ። የፋሲካ ሰሞን ጓደኛው ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) ከሞት መነሣት «ታሪካዊ ማስረጃ» የሚለውን በደብተር ጽፎ አመጣለት። ወጣቱ እንዲህ ይላል፤ «ኡስታዝ፣ የቁርኣኑን አያህ ስነግረው ‹እሱ ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ የመጣ ነው፣ እኔ የምጠይቅህ ታሪክ ነው› ይለኛል። መልስ አጣሁ። መልስ በማጣቴም ኢማኔ የደከመ መሰለኝ። ሁለታችንም ተኮራርፈን ሽሮውን ለየብቻ መሥራት ጀምረናል።»

አልሐምዱሊላህ፣ ይህ ወንድማችን ጥያቄውን ሆዱ ውስጥ ቀብሮ አልያዘም። ብዙዎች እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማቸው ወይ ይቆጣሉ፣ ወይ ዝም ብለው ይርቃሉ። እኛ ጥያቄውን እንደ አመጣጡ ልንመለከተው ወደድን። በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ብለን ካልለየናቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አድማጮቻችን ልብ ይበሉልን።

በቅድሚያ የሰውን ክርክር ሳያጣምሙ ማቅረብ ከአማና ነው። የልጁ ክርክር ባጭሩ ይህን ይመስላል። ዒሳ በሮማዊው ገዢ በጲላጦስ ዘመን ተሰቅሎ ሞተ፣ ተቀበረም። በሦስተኛው ቀን ሴቶች ወደ መቃብሩ ሄደው ባዶ ሆኖ አገኙት። ከዚያ ተከታዮቹ በተለያየ ጊዜና ቦታ በሕይወት አየነው አሉ። ፈርተው የተበተኑት ሰዎች ደፍረው አደባባይ ወጡ። ያሳድዳቸው የነበረው ጳውሎስና ቀድሞ ያላመነው ያዕቆብም ተቀየሩ። ይህን ሁሉ አንድ ላይ የሚያብራራው ምክንያት ከሞት መነሣቱ ብቻ ነው ይላሉ።

ክርክሩን ልጁ ከራሱ አላመጣውም። አሜሪካዊው ጆሽ ማክዶዌል በ1972፣ የቀድሞው ጋዜጠኛ ሊ ስትሮብል በ1998 ባሳተሟቸው መጻሕፍት በዓለም ዙሪያ ተሰራጭቷል። ጋሪ ሀበርማስና ዊልያም ሌን ክሬግ የሚባሉ ምሁራንም በዩኒቨርሲቲ መድረኮች ሲከራከሩበት ኖረዋል። ዛሬ ደግሞ እየተቆራረጠ በስልክ ይዞራል። ስለዚህ ወንድማችን በአንድ ሌሊት መልስ ማጣቱ አያሳፍረውም።

የሚያሳፍረውን ከፈለገ የኛን ይስማ።

ዕድሜያችን ከሃያ ብዙም ባልዘለለበት፣ ገና የመድረሳ ደረሳ በነበርንበት ጊዜ፣ ጎሬ ላይ አጎታችን ሱቅ ደጃፍ አንድ አዛውንት መሪጌታ ክር ሊገዙ መጡ። እኛ በዚያ ሰሞን አንዲት ትንሽ የክርክር ወረቀት አንብበን ደረታችን ተነፍቶ ነበር። ሰላምታ እንኳ በወጉ ሳንሰጣቸው፣ «ጥንታዊ የግዕዝ ብራናዎች እኮ የማርቆስ ወንጌል መጨረሻ የላቸውም። ትንሣኤ በኋላ የተጨመረ ነው» አልናቸው። መሪጌታው ክራቸውን እየጠቀለሉ፣ «የትኛው ብራና ላይ አየኸው ልጄ? የየትኛው ደብር ነው?» ብለው ጠየቁን። ብራና በእጃችን ነክተን አናውቅም ነበር። ፊደሉን ብናውቅም ግዕዙን አንሰማም። ዝም አልን። እሳቸውም አልጮኹብንም፤ «ያላየኸውን አትመስክር» ብለው ሄዱ። አጎታችን ግን ያን ቀን ማታ የሚገባንን ሰጥቶናል።

ከዓመታት በኋላ ኮሌጅ ገብተን ነገሩን ስንከታተል፣ ያ ወረቀት የተሳሳተ መሆኑን አገኘን። ጉዳዩ ለሀገራችን ቅርብ ስለሆነ ትንሽ ዘርዘር እናድርገው።

የማርቆስ ወንጌል በብዙ ምሁራን ግምት ከአራቱ ወንጌሎች ቀድሞ፣ ወደ 70 ገደማ የተጻፈ ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፉት ሁለት ታላላቅ የግሪክኛ ቅጂዎች፣ ሲናይቲከስና ቫቲካነስ የሚባሉት፣ ምዕራፍ 16 ቁጥር 8 ላይ ያቆማሉ። ሴቶቹ ከመቃብሩ ፈርተው ሸሹ፣ ለማንም ምንም አልተናገሩም ይልና ያበቃል። ዒሳ ለተከታዮቹ መታየቱን የሚተርኩት ከቁጥር 9 እስከ 20 ያሉት አንቀጾች በእነዚህ ቅጂዎች ውስጥ የሉም። ይህን ዛሬ የክርስቲያን ምሁራን ራሳቸው በመጽሐፍ ቅዱስ ግርጌ ማስታወሻ ይገልጹታል። እስከዚህ ድረስ ልክ ነው።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግን አንዳንድ አውሮፓውያን ምሁራን «የተወሰኑ የግዕዝ ብራናዎችም እዚያው ያቆማሉ» ብለው ጻፉ። ይህ አባባል ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተቀዳ ቆየ። ብሩስ ሜትስገር የተባለው የብራና ሊቅ በ1980 ባወጣው ጥናት ብራናዎቹን መርምሮ አባባሉ ስሕተት መሆኑን አሳየ። እንዲያውም ብዙዎቹ የግዕዝ ቅጂዎች ከቁጥር 8 በኋላ አንድ አጭር መደምደሚያ፣ ቀጥሎም ረጅሙን መደምደሚያ አንድ ላይ ይዘው ተገኙ። እኛ ጎሬ ላይ በመሪጌታው ፊት የመዘዝነው ሰይፍ የፈረንጅ ካታሎግ ስሕተት ኖሯል ማለት ነው። ሱብሓነላህ!

አሁንም ይህንኑ አባባል በስልክ የሚያሰራጩ ወንድሞች ስላሉ እንዲተዉት እንመክራለን። በሌላ በኩል ደግሞ ቁጥር 8 ላይ የሚያቆሙ ጥንታዊ የግሪክኛ ቅጂዎች መኖራቸው «መቃብሩ ባዶ ነበር የሚለው ታሪክ አልነበረም» ማለት አይደለም። ባዶው መቃብር ከቁጥር 8 በፊት ተተርኳል። በመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ያልነበረው የመታየቱ ትረካ ነው። ልዩነቱን ማወቅ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ማስረጃቸው እንምጣ። ነገሩን የሚያውቁት ክርስቲያኖች ከወንጌሎቹ ይልቅ የሚመኩት በጳውሎስ ደብዳቤ ነው። ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በላከው የመጀመሪያ ደብዳቤ ምዕራፍ 15 ላይ፣ ዒሳ እንደሞተ፣ እንደተቀበረ፣ እንደተነሣም የተቀበለውን እንዳስተላለፈላቸው ይጽፋል። ከዚያም ለኬፋ፣ ለአሥራ ሁለቱ፣ ከአምስት መቶ ለሚበልጡ ወንድሞች፣ ለያዕቆብ፣ ለሐዋርያት ሁሉ፣ በመጨረሻም ለራሱ ታየ እያለ ይዘረዝራል። ደብዳቤው የተጻፈው ወደ 55 ገደማ ነው። ዝርዝሩ ራሱ ከደብዳቤው ቀድሞ ሲነገር የነበረ እንደሆነ ብዙ የታሪክ ምሁራን ይስማማሉ። ስለዚህ «ከመቶ ዓመት በኋላ የተፈጠረ ተረት ነው» የሚለው መልስ አይሠራም። ይህን በግልጽ ማመን አለብን።

ነገር ግን የመድረሳ ልጆች እንደመሆናችን ይህን ዝርዝር በሙስጠለሕ አል-ሐዲስ ዓይን እንየው። ዑለማዎቻችን አንድ ወሬ ሲመጣ ማን ከማን ሰማ? ሰዎቹ ይታወቃሉ ወይ? ያዩት ምንድን ነው? ብለው ይጠይቃሉ። ጳውሎስ «ተቀበልኩ» ይላል፤ ከማን እንደተቀበለ ግን እዚያ ቦታ ላይ አይናገርም። ለፍትሕ ሲባል ደግሞ፣ ወደ ገላትያ ሰዎች በጻፈው ደብዳቤ ምዕራፍ 1 ላይ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ ከኬፋ ጋር አሥራ አምስት ቀን እንደተቀመጠና ያዕቆብንም እንዳየ ይናገራል። ስለዚህ ከሁለቱ ሊሰማ ይችላል፤ ሰንሰለቱ በዚህ በኩል ቀላል የሚባል አይደለም። አምስት መቶዎቹ ግን በኛ ሚዛን «ሙብሀም» ናቸው። ስም የላቸውም፣ ቦታ የላቸውም፣ ከእነሱ አንዱ እንኳ የተናገረው ቃል አልደረሰንም። ወንጌሎቹም ይህን ታላቅ ስብሰባ ለይተው አይተርኩትም። እነዚህን አምስት መቶ ሰዎች «አምስት መቶ ምስክር» ብሎ መቁጠር በኛ ዘንድ አይቻልም። ያለን የአንድ ሰው ቃል ነው፤ አምስት መቶ ሰዎች አዩ የሚል።

ያዩት ምን እንደነበረም ሌላ ጥያቄ ነው። ጳውሎስ ለራሱ የታየውን ለኬፋ ከታየው ጋር በአንድ ቃል ነው የሚገልጸው። የሐዋርያት ሥራ የሚባለው መጽሐፍ ደግሞ ለጳውሎስ የታየው በደማስቆ መንገድ ላይ ብርሃንና ድምፅ እንደነበር ይተርካል። በሌላ በኩል ሉቃስና ዮሐንስ የሚዳሰስ አካልና የሚበላ ሰው ይተርካሉ። ማቴዎስ ዋናውን መገናኘት ገሊላ ተራራ ላይ ሲያደርገው፣ ሉቃስ ኢየሩሳሌም አድርጎ ከከተማዋ እንዳይወጡ እንደታዘዙ ይጽፋል። ማርቆስ ሴቶቹ ለማንም አልነገሩም ሲል፣ ማቴዎስ ሊነግሩ ሮጡ ይላል። ክርስቲያን ወገኖቻችን «ምስክሮች በዝርዝር ይለያያሉ፣ በዋናው ይስማማሉ» ብለው ይመልሳሉ። ይህ መልስ ሙሉ በሙሉ ውድቅ የሚደረግ አይደለም። በኛም ዘንድ በሪዋያዎች መካከል ትናንሽ ልዩነት ስላለ ብቻ ሐዲስ አይጣልም። ቢሆንም የት ታየ? እንዴት ታየ? የሚለው ትንሽ ዝርዝር አይመስለንም።

ስለ ተከታዮቹ መለወጥ የሚባለውን ፈጠን ብለን እንለፈው። ሰው ለሚያምንበት ነገር መሞቱ ከልቡ ማመኑን ያሳያል፤ ያመነው ነገር መፈጸሙን አያሳይም። ኢ. ፒ. ሳንደርስ የተባለ የታወቀ የታሪክ ምሁር በ1993 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ተከታዮቹ አየነው ብለው ማመናቸውን እንደ ታሪካዊ እውነት ይቀበላል፤ ለዚህ እምነት ምክንያት የሆነው ነገር ምን እንደነበረ ግን አላውቅም ብሎ ያቆማል። ታሪክ በራሱ እግር እስከዚያ ድረስ ነው የሚሄደው ብለን እናምናለን።

ወንድማችን፣ ለጓደኛህ ከመመለስህ በፊት መጣል ያለብህ መሣሪያ አለ። እውነቱን ለመናገር ይህ ንግግር በዋናነት ስለዚህ ነው።

አንደኛው መሣሪያ «ተሰቅሎ ነበር፣ ግን ራሱን ስቶ እንጂ አልሞተም» የሚለው ነው። ሸኽ አሕመድ ዲዳት (አላህ ይዘንላቸውና) በ1984 ባሳተሟት የስቅለት መጽሐፍ ይህን ከራሱ ከመጽሐፍ ቅዱስ እየጠቀሱ ተከራክረውበታል። በቪሲዲ ዘመን ኢሉባቦር ድረስ ደርሷል፤ እኛም ስንት ሌሊት ተሰብስበን አይተነዋል። እሳቸው በተቃራኒው ወገን መጽሐፍ ተቃራኒውን ለመርታት ብለው ይሆናል። ወጣቶቻችን ግን የእስልምና እምነት አድርገው ያዙት። ቁርኣን በሱረቱ አን-ኒሳእ 157ኛው አያህ ላይ አልገደሉትምም፣ አልሰቀሉትምም፣ ነገሩ ተመሰለባቸው እንጂ የሚል መልእክት ነው ያስተላለፈልን። መስቀል ላይ ወጥቶ ተርፎ ወረደ የሚለውማ የቃዲያኑ ሚርዛ ጉላም አሕመድ ትምህርት ነው። እሱ ከዚያ ተርፎ ሕንድ ሄደ፣ ካሽሚር ውስጥ ስሪናጋር ተቀበረ እስከማለት ደርሷል። አንድ የሱኒ ወጣት ክርስቲያኑን ልርታ ብሎ ሳያውቀው የቃዲያኒ እምነት ይሰብካል! በታሪክ ዓይንም ደካማ ነው። ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተጠራጣሪዎች አንዱ የነበረው ጀርመናዊው ሽትራውስ እንኳ፣ ግማሽ ሞቶ ከመቃብር የተሳበ ሰው ተከታዮቹን ሞትን ድል ነሣሁ ብሎ ሊያሳምን አይችልም በማለት ጥሎታል።

ሁለተኛው «የበርናባስ ወንጌል» የሚባለው ነው። ይሁዳ በዒሳ ፈንታ ተሰቀለ ስለሚል ብዙዎች ይወዱታል። በ1908 ካይሮ ላይ በዐረብኛ ከታተመ ወዲህ በሙስሊሙ ዓለም ታውቋል። በእጅ ያለው ጥንታዊ ቅጂ ግን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ በጣሊያንኛ የተጻፈ፣ ቪየና የሚገኘው ነው። ናዝሬትን በጀልባ የሚደረስባት ከተማ ያደርጋታል። ከዚያ የባሰው ደግሞ መሲሕ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው፣ ዒሳ አይደለም ይላል። ቁርኣን ዒሳን ደጋግሞ አል-መሲሕ እያለ ሲጠራው፣ ይህን የሚክድ መጽሐፍ እንዴት ለኛ ምስክር ይሆናል?

ሦስተኛው ደግሞ «ሞቶ የሚነሣ ሰው የለም፣ ሳይንስ አይቀበለውም» ማለት ነው። ይህ ዱላ የኛ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም በ1748 ተአምርን በጠቅላላ ለመካድ የቆረጠው ዱላ ነው፤ ጎረቤታችንን መትቶ ዞሮ እኛንም ይመታል። ዒሳ (ዐ.ሰ) በአላህ ፈቃድ ሙታንን እንዳስነሣ በአሊ ዒምራን 49 እና በማኢዳህ 110 እናነባለን። በበቀራህ 259 አላህ መቶ ዓመት አሙቶ ስላስነሣው ሰው ተነግሮናል። የዋሻው ባለቤቶች ሦስት መቶ ዘጠኝ ዓመት እንደቆዩ በሱረቱል ከህፍ አለ። እንዲህ የምናምን ሰዎች ነን «የሞተ አይነሣም» ብለን በፕሮቴስታንቱ ልጅ ላይ የምንስቅ? አላህ ዒሳን ከሞት ማስነሣት ይሳነዋል ብለን አናውቅም። የኛ ቃል፣ ያ ነገር እንደዚያ አልሆነም፤ አላህ ከሞት በፊት ወደ ራሱ አንሥቶታል የሚል ነው።

ታዲያ «የስድስት መቶ ዓመት ልዩነት» ለሚለው ጥያቄ ምን ይባላል? ልጁ የነካው ቁም ነገር ይሄ ነው።

ስቅለቱን በተመለከተ ከክርስቲያን ውጭ ያሉ ጥንታዊ ጸሐፊዎችም ይጠቅሱታል። ሮማዊው ታኪተስ ወደ 116 ገደማ በጻፈው ታሪክ፣ በጲላጦስ ዘመን ስለ መገደሉ ይናገራል። አይሁዳዊው ዮሴፈስም አንሥቶታል፤ በእሱ ጽሑፍ ላይ የክርስቲያን ገልባጮች እጅ እንደገባበት ቢታመንም። ስለዚህ የታሪክ ምሁራን አብዛኞቹ ስቅለቱን ይቀበላሉ። ይህን የሚክድ ሙስሊም «ታሪክ ከኔ ጋር ነው» ብሎ መጀመር አይችልም። አያህዋም ራሷ ነገሩ ተመሰለባቸው ስትል፣ በዚያ የነበሩ ሰዎች የስቅለት መስሎ የታያቸውን ነገር ማየታቸውን አትክድም። አይተው የተናገሩት ለታሪክ ጸሐፊ ደረሰ። የተመሰለባቸው መሆኑን ግን የሚያውቀው የመሰለባቸው ጌታ ነው። ተመሳስሎ የተሰቀለውን ሰው ስም ቁርኣን አልነገረንም። ኢብኑ ከሢር ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) በሚያስተላልፉት መሠረት ከተከታዮቹ አንድ ወጣት በፈቃዱ ምስሉን ወስዷል። ሌሎች ሪዋያዎች ሌላ ይላሉ።

ይህን ችግር ዛሬ የፈረንጅ መጽሐፍ ያመጣብን የሚመስለው ሰው ኢማም ፈኽሩዲን አር-ራዚን ያንብብ። በ1210 ያረፉት ኢማም በአሊ ዒምራን 55 ተፍሲራቸው ላይ ጥያቄውን ከልጁ በበለጠ አጥብቀው ራሳቸው ያነሡታል። የአንዱ መልክ በሌላው ላይ ከተጣለ ሰው ዓይኑን እንዴት ይመናል? በብዙ ሰው ቅብብል የመጣ ወሬስ ምን ይሆናል? ብለው ይጠይቃሉ። ከመልሶቻቸው ውስጥ አንዱ፣ በዚያን ጊዜ የነበሩት ጥቂቶች ስለነበሩ ወሬው ከሥሩ ሙተዋቲር አይሆንም የሚል ነው። መዝጊያቸው ግን የሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) እውነተኛነት በቁርጥ ማስረጃ ከጸና፣ እነዚህ ሊሆንም ላይሆንም የሚችሉ ጥያቄዎች ያን ቁርጥ ቃል አይሽሩትም የሚል ነው። ያን ዘመን አልፈሩትም፤ ጽፈውት ለተማሪዎቻቸው አስተማሩት።

እንግዲህ ለጓደኛህ በቅንነት እንዲህ በለው። «እኔ ስለ ዒሳ የማምነው ከመቃብሩ ደጅ ቆሜ ባገኘሁት ማስረጃ አይደለም። ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የአላህ መልእክተኛ ናቸው ብዬ ስላመንኩ፣ የነገሩኝን ተቀበልኩ። የኔና ያንተ ክርክር እውነተኛ ቦታው የእሳቸው ነቢይነትና ቁርኣን ነው። አንተም ደብተርህ ላይ ካለው ‹አየን አሉ› ከሚለው ተነሥተህ ‹ስለዚህ አምላክ ነው› እስከሚለው የሄድከው በታሪክ እግር አይደለም፤ በእምነት ነው።»

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለክርክር ስንል የፈጠርነው አይደለም። ፒንካስ ላፒደ የተባለ ጥብቅ አይሁዳዊ ምሁር በ1977 በጀርመንኛ ባሳተመው መጽሐፍ፣ የዒሳን ከሞት መነሣት በእውን የተፈጸመ ነገር ነው ብሎ ተቀበለ። ክርስቲያን ግን አልሆነም፤ አይሁዳዊ ሆኖ ሞተ። አላህ ሰውን ማስነሣት ይችላል፣ የተነሣ ሁሉ አምላክ አይደለም ብሎ አሰበ ማለት ነው። በወንጌሉ ውስጥ ከሞት ተነሣ የተባለውን አልዓዛርንም ማንም አላመለከውም። ክርስቲያኑ «እሱ አስቀድሞ ስለ ራሱ የተናገረው ቃል ስላለ ይለያል» ይልሃል። ይበል፤ ያኔ ጨዋታው ከመቃብሩ ወጥቶ ዒሳ ስለ ራሱ ምን አለ? ወደሚለው ይሻገራል። ያ ደግሞ ራሱን የቻለ ርእስ ነው፣ ኢንሻአላህ ሌላ ጊዜ እንመለስበታለን።

በሀገራችን ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። ከየመን መጥተው ከእስልምና ወደ ክርስትና የገቡትና የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆኑት አባ ዕንባቆም፣ በ1540 ገደማ ለኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም «አንቀጸ አሚን» የተባለውን ጽሑፍ ሲጽፉ ከቁርኣን እየጠቀሱ ነው። ከእሳቸው በኋላ ደግሞ በቤጌምድር የቁርኣን መምህር የነበሩት ሸኽ ዘካርያስ ስለ ዒሳ የሚናገሩ አያዎችን እየጠቀሱ ከዑለማእ ጋር ይከራከሩ ነበር፤ በ1910 ከብዙ ተከታዮቻቸው ጋር ተጠመቁ። ይህን ማንሣት ለአንዳንድ አድማጭ ያሳምም ይሆናል። እኛን ግን የሚያሳስበን እንዲህ ያለ ክርክር ሲነሣ የሚጠቀሱት አያዎች ተፍሲር በየሰፈራችን ስንቱ ሰው ዘንድ አለ? የሚለው ነው። ለምሳሌ አሊ ዒምራን 55 ላይ «ሙተወፊከ» የሚለው ቃል አለ። ክርስቲያኑ «አሙትሃለሁ ማለት ነው፣ ቁርኣናችሁ መሞቱን ይመሰክራል» ይላል። ኢማም አጥ-ጠበሪ ግን የቀደምቶቹን አባባሎች ሁሉ ሰብስበዋል፤ በእንቅልፍ መውሰድ ነው ያሉ አሉ፣ ሙሉ አድርጎ መቀበል ነው ያሉ አሉ፣ ወህብ ኢብኑ ሙነቢህም ከቀኑ ሦስት ሰዓት አሙቶ አነሣው ብለዋል። ብዙኃኑ ዑለማእ በሕይወት እንደተነሣ፣ ወደፊት ወርዶ እንደሚሞት ያምናሉ። መርየም 33 ላይ ስለሚሞትበት ቀን የተነገረውም በዚህ ይተረጐማል። ይህን የሚያውቅ ወጣት «ሙተወፊከ» ሲባል አይደነግጥም።

ከክርክሩ ይልቅ የአቀራረቡ ነገር ያሳስበናል። በ1999 ዓ.ም. መስከረምና ጥቅምት በጅማ ዞንና በያኔው የኢሉባቦር ዞን አንዳንድ ወረዳዎች በሙስሊምና በክርስቲያን መካከል የሆነውን ዕድሜያችን የደረሰ ሁሉ እናስታውሳለን። የሰው ነፍስ ጠፋ፣ አብያተ ክርስቲያናትና መኖሪያ ቤቶች ተቃጠሉ። በየካቲት 2003 ዓ.ም. ደግሞ አሰንዳቦ ላይ ቁርኣን ተዋረደ ከሚል ወሬ ተነሥቶ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ጋዩ። ይህን ያደረገው ሁሉ ስለ ትንሣኤ ክርክር አንብቦ አይደለም፤ አብዛኛው አንድም መጽሐፍ አላነበበም። አንዱ የሌላውን እምነት መሳለቂያ አድርጎ ሲያወራ የለመደ ጆሮ ግን ወሬ ሲመጣ ቶሎ ይቀጣጠላል።

ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብን (ረ.ዐ) እናስታውስ። በነጃሺ ፊት ስለ ዒሳ ሲጠየቅ ከሱረቱ መርየም ቀራ፤ ንጉሡ አለቀሰ። በማግሥቱ የቁረይሽ መልእክተኞች ነገሩን ሊያበላሹ ብለው «ስለ ዒሳ ከባድ ነገር ይላሉ» ብለው ከሰሱ። ሙሃጂሮቹ ያን ሌሊት ተጨንቀው አደሩ፤ ሀገር የላቸው፣ መመለሻ የላቸው። ጀዕፈር ግን ቃሉን ለማለስለስ አልሞከረም። የአላህ ባሪያ፣ መልእክተኛው፣ ወደ መርየም የጣለው ቃሉ ነው ብሎ ያመነበትን ተናገረ። አልደበቀም፣ አልሰደበም። ያ የሆነው በዚችው በሀበሻ ምድር ነው።

ስለ መሪጌታው አንድ ነገር ረስተናል። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ጢማችን ሸበት ማለት ሲጀምር፣ አንድ ቀን መቱ ገበያ ላይ አገኘናቸውና ያን ቀን ስለሆነው ይቅርታ ጠየቅናቸው። አላስታወሱንም። ስለ ፕሮቴስታንቶቹ የማስረጃ ክርክር ስናነሣላቸው ግን ሳቅ አሉ፤ «እኛ ኀምሳ አምስት ቀን የምንጾመው ማስረጃ አግኝተን መስሎህ ነው?» አሉን። እሳቸው ክርክሩን ከኛ ባላነሰ ባዳ ነገር አድርገው ነው ያዩት።

ወንድማችን፣ ኢማንህን በተመለከተ አትስጋ። መልስ ማጣትና እምነት ማጣት አንድ አይደሉም። አሊ ዒምራን 55ን እና አን-ኒሳእ ከ157 እስከ 159 ያሉትን አንድ ተፍሲር ከሚያውቅ ሸኽ ዘንድ ቁጭ ብለህ ቅራ። መቱ ከሆንክ የጁሙዓ ሰላት እንዳለቀ ወደኛ መምጣት ትችላለህ፤ የጓደኛህንም ደብተር ፈቅዶ ከሰጠህ ይዘህ ና፣ አብረን እናነበዋለን። እሱም መምጣት ከፈለገ በሩ አልተዘጋበትም። ሽሮውን ግን ዛሬ ማታውኑ አብራችሁ ሥሩ፤ ያ ክርክሩ እስኪያልቅ የሚጠብቅ ነገር አይደለም።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።